ከደፉ ሃያ ሁለት እርምጃ

ያን ንግግር ጆሮዬ አልሰማውም፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። እሱንም ግማሹን። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ስለነበር ከንፈሯ ይታየኛል። ረጅሟ የምንላት ጓደኛዋ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለቆመች፣ እሷ ያለችውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እኛው በእጃችን ቀብረን፣» አለች እናቴ።

ረጅሟ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እሱማ ሄደ፤ ተገላገለ። የቀረነው እኛ ነን።»

ረጅሟ ብዙ ተናገረች። እጇን ወደ መኖሪያችን በኩል ዘርግታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች።

«አውቃለሁ። ግን ከላዩ ልጆች ሲሯሯጡበት እያየሁ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?»

ይህ ሁሉ ሲባል በዚያ ባዶ የሽመና አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው ከጣራው ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በመሃላቸው ዐሥር እርምጃ ትተው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ አፋቸውን እየከፈቱና እየገጠሙ ቆመዋል። እንግዳ ሰው ቢያያቸው ከሞቱ የቆዩ ሰዎች ናቸው ብሎ በሮጠ ነበር።

እኔ ግን የፋብሪካ ሸማኔ ልጅ ነኝ። ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን ሽመና ክፍሉ ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን በአንድ ላይ ይንኳኳ ነበር። እዚያ ውስጥ የሰው ድምፅ ዋጋ የለውም፤ ቢጮኹም ላንቃ ይደርቃል እንጂ አጠገብ ያለው ሰው አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ቃሉን ያለ ድምፅ፣ አፋቸውን ከወትሮው አስፍተው እየከፈቱ መነጋገር ለመዱ። በዚያ መንገድ ይሟገታሉ፣ ይተማማሉ፣ ይሳሳቃሉ። ልማዱን ቤታቸውም ይዘውት ገቡ። ልጅ እንዳይሰማ የሚፈልጉት ነገር ሲመጣ ድምፃቸው ይጠፋና ከንፈራቸው ብቻ ይቀራል። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከፊደል በፊት የእናቴን ከንፈር አነበብኩ። አሁን አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ጆሯቸው የደከመ የሰፈራችን አዛውንቶች ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አብሬያቸው የምቀመጠው፣ ሐኪሙ ያለውን በከንፈሬ የምደግምላቸው እኔ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማንበቤን ማንም አያውቅም።

ማሽኖቹ ፋብሪካው እንደተዘጋ ተነቅለው ለብረት ቀላጮች ተሸጠዋል። ወለሉ ላይ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎችና፣ በየማሽኑ ፊት ሴቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙበት፣ በእግር ብዛት የተላጠ ጎድጓዳ ቦታ ነው። እናቴና ረጅሟ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ልብስ ለማስጣት እዚያ ሲገቡ ተጠጋግተው አያወሩም። እናቴ የራሷ ማሽን ከነበረበት ጎድጓዳ ትቆማለች፤ ረጅሟም ከራሷ። እንደዚያ ካልሆነ ወሬው አይመጣላቸውም።

«ሄደ» የተባለውን ሰው አውቀዋለሁ። ማቅለሚያ ክፍል ይሠራ የነበረ፣ እጁ እስከ ክርኑ የተነከረ ሰውዬ ነው፤ ሁላችንም እጀ ሰማያዊ እንለዋለን። ባገኘኝ ቁጥር «ምላስሽን ምን ቀለም ልንከርልሽ?» ይለኛል። «አረንጓዴ» እላለሁ። «አረንጓዴ አልቋል፤ ሲመጣ እነግርሻለሁ» ይለኛል። ይህች ቀልድ ሦስት ዓመት አገልግላለች። ፋብሪካው በተዘጋ ሳምንት እጀ ሰማያዊ ጠፋ። ክፍሉ ተቆልፏል፤ መስኮቱ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያው እንዳለ ነው። እናቴን ስጠይቃት «ሄደ» አለችና ፊቷን አዞረች። ፊት ማዞር እኛ ቤት በር መዝጋት ነው። በዚያው ሳምንት የእናቴ ጥፍሮች ሥራቸው ጠቁሮ ነበር። በሳሙናም በአሸዋም ብትፈትጋቸው አልለቅ አላት።

ከዚያ ክረምቱ ገባና መሬቱ ማላብ ጀመረ።

ከማቅለሚያ ክፍሉ ጀርባ፣ ወደ ጭስ ማውጫው በሚወስደው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀይ ውሃ ይወጣል። ከላይ የፈሰሰ አይደለም፤ ከሥር ነው የሚመጣው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ላብ። ጠርዙ ሲደርቅ ሐምራዊ ይሆናል። የዘበኛው ውሻ እዚያ ሲደርስ ዞሮ ይሄዳል። ሜዳው ሁሉ ሣር ሲለብስ ያ ቦታ ራቁቱን ቀረ። አንድ ቀን እንጨት ሰካሁበት። ስነቅለው እስከ አንድ ስንዝር ቀልቷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ የእጀ ሰማያዊን ሸሚዝ ይሸታል።

አንድና አንድ ደምሬ ሦስት አገኘሁ። እናቴና ረጅሟ ሰውየውን ገድለው እዚያ ቀብረውታል።

የሚገርመኝ፣ እናቴን አልጠላኋትም። የፈራሁት እንዳትያዝብኝ ነው። ግን ጠጉሬን ስትሠራኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ጣቶቿ አንገቴ ላይ ሲያርፉ ይቀዘቅዙኝ ነበር። ማታ ስንጸልይ እሷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። እኔ ጸሎቴን ትቼ የሷን አነብባለሁ። «ይቅር በለን» ስትል ልቤ ይሸበራል። «በለኝ» ሳይሆን «በለን»፤ ከማን ጋር እንደሆነ አውቄ የለ?

ክረምቱ ሲጋመስ ሰዎች መጡ። የጥንቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቢሮ ተጠርጎ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ጠረጴዛ ገባበት፤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያይ ተጠራ። መስታወቱ ሥር ፋብሪካችን የለም። በቦታው ትንንሽ ፎቆች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ሱቆች፣ ከላያቸው መኖሪያዎች፣ በመሃላቸው የጥርስ መጎርጎሪያ የሚያካክሉ ዛፎች። ጭስ ማውጫው ብቻ እንዳለ ነው፤ ለጌጥ ይቀራል ተባለ። ኃላፊው ተደርድረው በተሠሩት የፋብሪካው ቤቶች የምንኖር ቤተሰቦች እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ክፍል እንደምናገኝ በቀጭን እንጨት እያሳየ አስረዳ። ሰው ሁሉ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ መስኮቱን መረጠ። ረጅሟ አንዱን ይዛ «ይቺ የእኔ ናት፤ መጋረጃዋም ታየኝ» ስትል ሳቁ።

እናቴ መስኮት አልመረጠችም። የምታየው ጭስ ማውጫው ሥር ያለውን ሜዳ ነበር። እዚያ ዥዋዥዌ ተተክሎ፣ አውራ ጣቴን የማያክሉ አምስት ልጆች ቆመዋል። ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ፊት የላቸውም። ዓይን፣ አፍ፣ ምንም። የቆሙት ያላበው መሬት ላይ ነው። እናቴ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ስታነሳው የጣቷ እንፋሎት ልጆቹን ሸፍኗቸው ነበር።

ዛሬ የምኖረው ያ መስታወት ሥር ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከረጅሟ መስኮት ጎን።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ወጣት ቀያሽ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ይዞ መጣ። እናቴ ቀን በቀን፣ ለማንም ሳትናገር፣ አነጋገረችው። እኔ ከክር መጋዘኑ መስኮት ሆኜ አየኋቸው፤ ርቀው ስለነበር ከንፈራቸው አልተነበበኝም። እናቴ ማቅለሚያ ክፍሉ በር ሄደች። የዚያ በር ደፍ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ መሃሉ በእግር ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። እሱ ላይ ቆመች፣ ጭስ ማውጫውን አየች፣ እየቆጠረች ሄደች። ሃያ ሁለት። አብሬያት ቆጥሬያለሁ። በቆመችበት ዙሪያ ቀያሹ አራት ችካል ተከለና በየጫፋቸው ቀይ ጨርቅ አሰረ።

አስገድደው አናዘዟት ብዬ አሰብኩ። ቆፍረው ያወጡታል፤ ወስደው ያስሯታል። አባቴን አላውቀውም። ከእናቴ ሌላ ሰው የለኝም።

ቁፋሮው ሰኞ ነው ተባለ። ዐርብ ዕለት ማቅለሚያ ክፍሉ ፈረሰ፤ በሩም ደፉም ፍርስራሽ ሥር ገባ፤ ሜዳውም በመኪና ጎማ ታርሶ፣ ሣር የነበረውና ራቁቱን የነበረው ተመሳሰለ። ቅዳሜ፣ አፍራሾቹ ለምሳ ሲወጡ፣ እኔ ገባሁ።

እንደዚያ ቀን ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። የጭስ ማውጫው ጥላ እግሩ ሥር ተሰብስቦ ጠፍቷል። አቧራው እንኳ ቆሟል። መጀመሪያ የችካሎቹን አራት ጎን፣ ከዚያም ከማዕዘን ማዕዘን ያለውን በድር ክር ለካሁና ቋጠሮ አሰርኩ። ጠጋኞቹ የማሽን እግር ሲተክሉ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የሸማኔ ልጅ ልክ ማዛነፍ አይሆንላትም። ከዚያ የመጀመሪያውን ችካል ነቀልኩ። ጫፉ ቀይ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስነቅል ከሥር አየር ሲተነፍስ ሰማሁ፤ ረዘም ያለ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። «ይቅርታ፣» አልኩት፣ በከንፈሬ። «ዝም በል። እማዬን እንዳያገኟት ነው።» ችካሎቹን አቅፌ አርባ እርምጃ ወደ ዋናው በር ወሰድኳቸው። በክሬ ለክቼ እንደነበሩት ተከልኳቸው። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ሞልቼ ረገጥኳቸው። የችካሎቹን ጫፍ በቀሚሴ ጠርዝ ጠርጌ ነበር።

ቀሚሱን ያየችው እናቴ ናት። አልመታችኝም። ተንበርክካ ጠርዙን ያዘችና ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ አጥብቃ አቀፈችኝ። «ሁለተኛ እዚያ እንዳትሄጂ፣» አለችኝ፣ «ሁለተኛ። ማይልኝ።» ማልኩላት። ተባባሪዋ የሆንኩ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ ጉድጓዱን ከበበ። ኤክስካቫተሩ አንድ ሜትር ቆፈረ፤ ቡናማ አፈር። ሁለት ሜትር፤ ቡናማ አፈር፣ ደስ የሚል፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት። ሦስት ሜትር ላይ ቆመ። ቀያሹ ቀስ ብሎ «እርግጠኛ ነዎት እህቴ?» አላት። እናቴ ዞራ በሩን ፈለገች። በር የለም። ግድግዳ የለም። ያለው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻውን ደግሞ ልክ አይሆንም። «እዚህ ነበር፣» አለች። «አሥራ ዘጠኝ በርሜል ነው። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

ኃላፊው «እትዬ፣ ምናልባት ተኖ ይሆናል» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ቁጣም ነበረበት፤ ባፏ ምክንያት ሥራው ቢቆም ቤታችን ቀርቶ ነበር ብለው። ረጅሟ ብቻ አልሳቀችም። ከጉድጓዱ ማዶ ሆና፣ ያለ ድምፅ፣ «አልኩሽ፣» አለቻት።

እናቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ የምስጋና መሰለኝ። እፎይታ ሰውን እንዲህ ያስቀምጠዋል ብዬ። በርሜል ሲባል ሰምቼ እንኳ፣ በርሜል ውስጥ ከተውታል ማለት ነው አልኩ። ተሹለክልኬ ፊቷ ቆምኩና በከንፈሬ «ዳንን» አልኳት።

አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «በርሜሏ» ሆነ። ቤቶቹ ተሠሩ፤ ቁልፍ ታደለ። መጫወቻ ይሆናል የተባለው ሜዳ አስፋልት ለብሶ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ፍርስራሹ ሲጠረግ የጥንቱ ደፍ ከነቦታው ተገኘ፤ የሕንፃዎቹ ነዳፊ «ይሄማ ታሪክ ነው» ብሎ ሳያነቃንቀው የዳቦ ቤት በር አደረገው። ሰው ሁሉ እየረገጠው ይገባል። እናቴ ዳቦ የምትገዛው እኔን ልካ ነው። ሽመናው ጆሮዋን ሙሉ በሙሉ ወሰደው፤ እየቆየ «በርሜሏ» ሲሏት አለመስማቷን እንደ በረከት ቆጠርኩላት። ከንፈር እንደምታነብ ረስቼ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እጀ ሰማያዊ ቆሟል።

ከስቷል፤ ሸብቷል። እጁ ግን ያው ነው። ሰውየው አየኝና ፈገግ አለ።

«አረንጓዴው መጣ፣» አለኝ።

እንዴት አድርጌ እንዳስገባሁት አላስታውስም። ተቀምጦ ሲያወራ፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ፣ የልጅነቴ ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ ሲነሱ አየሁ። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል የተረፈውን ቀለምና ኬሚካል እንዲቀብሩ ሦስቱ ታዝዘው ኖሯል፤ እምቢ ያለ የሥራ ልምድ ወረቀት አይሰጠውም ተብሎ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሽታው ደረቱን መታውና እኅቱ መጥታ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሄደ ማለት፣ ሄደ ነው።

«ቆፈሩት?» አላት እናቴን፣ ፊቱን ወደ እሷ አስተካክሎ።

«ቆፈሩ። የለም።»

«እንዴት የለም? አሥራ ዘጠኝ በርሜል ሌባ በኪሱ ይዞት ይሄዳል?»

«ቆጠራው ጠፍቶብኝ ይሆናል፣» አለች እናቴ። «አእምሮዬን አላምነውም።»

ይህን ስትል ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አስፋልት ለብሷል፣ የታሸገ ታሽጓል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እጀ ሰማያዊ በሚቀጥለው ክረምት እኅቱ ቤት አረፈ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየጸሎቴ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር እየዘለልኩ አሜን እላለሁ። እግዜር የዘለልኩትን እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ ታግሶኛል።

ዘንድሮ የሰፈሩ ኮሚቴ አስፋልቱን አስነስቶ አሸዋ አስደፋ፤ ዥዋዥዌ ተከለ። ከመስኮቴ ሳይ አምስት ልጆች ቆመዋል። ፊት አላቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሲያባራ የረጅሟ የልጅ ልጅ በራችንን በእግሩ መታ። አያቱ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷን ግን ከወዲሁ ጀምሮታል።

«እማማ በርሜል፣» አላት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቃሉን ለከንፈር እየመተረ፤ ስድብ መሆኑን አያውቅም፣ ስሟ መስሎት ነው። «እግሬን እጠቢልኝ። እማዬ ትቆጣኛለች።»

ነጩ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል።

እናቴ ውሃ አቀረበች። ካልሲውን አወለቀች። ልትነክረው ስትል ቆመችና ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ዓይኗ ከካልሲው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ካልሲው ተመላለሰ፣ እንደ ሽመና መወርወሪያ። ከዚያ የልጁን እግር በሳሙና አጠበች፤ ደግማ አጠበች፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር። ሦስተኛ ስታጥበው ልጁ «ኧረ በቃ» አለ።

ልጁን ሸኝቼ ስመለስ ወንበሬን ይዤ እስከ ግድግዳው ራቅሁ። ቤታችን ዐሥር እርምጃ አይሞላም፤ የሞላውን ያህል። ድምፅ ሳላወጣ ሁሉንም ነገርኳት። እንጨቱን፣ መስታወቱን፣ ድር ክሩን፣ ቀሚሱን።

ስጨርስ ዓይኗን ጨፈነች። ለሷ ይህ ጆሮ መድፈን ነው። ጠበቅሁ። የተደቀነው ውሃ መሃላችን ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። ደረጃው ላይ የልጆች ሩጫ ወጣ፣ ወረደ።

ዓይኗን ስትከፍት የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

«ስንት ወሰድሽው?»

«አርባ እርምጃ። በልጅ እግር።»

«ማዕዘኑ አልተዛነፈም ነበር እኮ።»

«ማዕዘን በማዕዘን ለካሁት።»

የከንፈሯ ጥግ ሊስቅ ብሎ ተወ። ቆየት ብላ፣ «ያን ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ‹ዳንን› ያልሽኝ፣» አለች፣ «ለቤቱ መስሎኝ ነበር። ልጄም ከሳቁት ጋር ናት ብዬ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልጠየቅሁሽ እሱን ፈርቼ ነው።»

ነገ ብቻዬን ወደ ሰፈሩ መሐንዲስ ቢሮ እሄዳለሁ አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺን ደግሞ ሰው ፊት አላቆምም። ሕንፃውን ሊያስለቅቁ ይችላሉ፣ ጎረቤት ይጠላናል፣ ባያገኙት ደግሞ እንደገና ይስቁብሻል።

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ታች የዳቦ ቤቱ በር ይታያል፤ የጎደጎደው ድንጋይ የዝናብ ውሃ ይዞ ያበራል። ብዙ ቆማ አየችው። ሲፈርስ ካየችው ጀምሮ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም።

«አንቺ ችካሉ ያረፈበትን ነው የምታውቂው፤» አለች። «ደፉን የማውቀው እኔ ነኝ።» ይህን ያለችው በድምፅ ነው። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበር፤ ራሷ ስለማትሰማው ከፍ ብሎ፣ ሻክሮ፣ በመስኮቱ ወጣ። ታች ያሉት ልጆች ቀና አሉ። «ነገ በጠዋት፣ መሬቱ ሳይደርቅ። ጥሪያቸው፤ ሁሉንም። ድንጋዩ ላይ እቆምና ሃያ ሁለት እቆጥርላቸዋለሁ። አንቺ ከፊቴ ወደ ኋላሽ እየሄድሽ አብረሽኝ ቁጠሪ። ከንፈርሽን እያየሁ እመጣለሁ።»